ተጠቃሚ የሌለው ዋሻ

ሰኔ 9። የዋሻው የታች በር መዝጊያ ግንብ ወገብ ደርሷል።

ለተከበሩ የተራራው ባቡር ንብረት አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው፤ በእኛ ሰፈር መታመም ምን እንደሚያስከትል ስለማውቅ ጠላቴም እንዲታመም አልፈልግም።

ከዋሻው በላይ ባለችው መንደር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ኩላሊቷ ስለደከመ በየሳምንቱ ከተማ ወርዳ ደሟ በማሽን ይታጠባል። በቃሬዛ ተሸክመን በዋሻው እናወርዳታለን። ተራራውን ዞረን ብንመጣስ ብዬ ሐኪሟን ጠይቄው ነበር። «ትዘገያለች» አላለም፤ «አትደርስም» ነው ያለው። ዛሬ ቀጠሮዋ ነው። ይህን ስጽፍ ከግንቡ ወዲያ፣ ዋሻው ውስጥ ቃሬዛዋ ላይ ተኝታለች፤ የላኩት ፎርማን ያለ ፈቃድ ደብዳቤ አላሳልፍም ብሏል። እኔን ግን አቤት እንድል በግንቡ ላይ እንድዘል ስለፈቀደልኝ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ መስመሩ ታሪክ ያሳተሙትን ባለቀለም መጽሔት በደስታ አንብቤያለሁ። አያቶቻችን ዋሻውን በመዶሻና በድማሚት እንደፈለፈሉት፣ ማዕድኑ ሲያልቅ ባቡሩ እንደቆመ፣ ሐዲዱም ተነቅሎ እንደተጫነ በሚያማምሩ ፎቶግራፎች ተገልጿል። ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል። ባቡሩ ሲቆም እኛም አብረን የቆምን ሳይመስልዎት አልቀረም።

2. አጥኚዎችዎ «ዋሻው ተጠቃሚ የለውም» ብለው የጻፉት እውነት ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ዋሻው መሐል ላይ ጣሪያው ስለወረደ ሁለት ቃሬዛ አያሳልፍም። ስለዚህ የሚገባ ሰው በሩ ላይ የቀረችውን ቁራጭ ሐዲድ በድንጋይ ይመታል፤ ማዶ ያለው ድምፁን ሰምቶ ገቢው እስኪወጣ ይጠብቃል። እንግዶችዎ አጥኚዎቹ በታች በኩል ሲመጡ አንድ ሽማግሌያችን ሐዲዷን በክብር መታላቸው። እኛም ከላይ፣ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ባለቤቴም በቃሬዛዋ፣ ሁላችን ቆምን። አንዲት ጎረቤቴ ትዕግሥቷ አልቆ «ምነው፣ ዋሻውን ሊያገቡት ሽምግልና ተቀመጡ እንዴ?» ስትል «ዝም በይ፣ እንግዳ ናቸው፣ ነውር ነው» ብለን ገሠጽናት። እንግዶቹ መሐል ድረስ ገብተው፣ ሰው አጥተው፣ ባዶውን ፎቶ አንሥተው በገቡበት ወጡ። በባለጌነት የተዘጋ መንገድ አውቃለሁ፤ በጨዋነት የተዘጋ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

3. ግንቡ ድንጋይ ወድቆ እንዳይገድለን በማሰብ የተሠራ መሆኑን ከማስታወቂያው ተረድተናል። እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ በድንጋይ አትሞትም። በምን እንደምትሞት የመረጡላት እርስዎ ስለሆኑ እሷን ከሐሳብ አሳርፈዋታል።

4. አማራጭ መንገድ በአምስት ዓመቱ ዕቅድ ተካቷል መባሉን ባነበብኩላት ጊዜ «ታዲያ እኔ ቀጠሮዬ ዛሬ መሆኑን ነገርካቸው?» አለችኝ። ይኸው ነገርኩ።

የምለምነው በር አይደለም። ቃሬዛ የምታሾልክ ቀዳዳ ብቻ ይተዉልን። ቁልፏም በእጅዎ ይሁን፤ ከፈለጉ ስምዎን ይጻፉባት፤ እየጎነበስን እናልፋለን።

ውሳኔዎ ከባለቤቴ ትንፋሽ እንዲቀድም እየተማጸንኩ፣ በጥናትዎ ውስጥ ያልተገኘሁት፣ እጅ ነሺዎ፣
ልብስ ሰፊው

ግልባጭ፦
ለከተማው ሆስፒታል፣ አልጋዋን ለሌላ እንዳይሰጡ

ማስታወሻ፦ ይህን የጨረስኩት መዝገብ ቤትዎ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ነው። ማኅተም የምታደርገው እህት «ጋሼ፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ሲወጡ ይመራልዎታል» አለችኝ። አሁን የባለቤቴ ወንድም ደወለ። ፎርማኑ ለምሳ ወጥቷል። ግንበኞቹ «እኛ ሲሚንቶ አልቆብን ጀርባችንን ሰጥተን ተቀምጠናል፤ ያየነው ነገር የለም፤ ግን ቶሎ በሉ» ብለዋል። ከግንቡ ወዲህ ግን ቃሬዛውን የሚቀበል ሰው የለም። ክቡርነትዎ እስካሁን ከሠሩልን ሁሉ የፎርማንዎ ምሳ ይበልጣል፤ እባክዎ ቀስ ብሎ ይብላ። ደብዳቤው አግዳሚው ላይ ነው። ማኅተም ያድርጉበት አያድርጉበት እንደ ፈቃድዎ፤ እኔ ሄጃለሁ።