«ለጊዜው» የተባለው ፎልደር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ይድረስ ለሊቁ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ የኔ ጌታ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በኢሜይል የምጽፍልህ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትለይ በስልክ ማውራት ስላልቻልኩ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

እኔ ያው ራጅ ክፍል ነኝ። ሰው አቁሜ «ትንፋሽ ያዝ» እላለሁ፣ አነሳለሁ፤ ምስሉ አንተ በሠራኸው ሲስተም ወደ ሐኪሞቹ ይሄዳል። ከሆስፒታሉ ኃላፊ ጋር የተከራከራችሁበት ቀን ትዝ ይልሃል? እሱ «ስሙም ምስሉም አንድ ላይ ዳታቤዝ ውስጥ ይግባ» አለ። አንተ ደግሞ «ምስሎቹ ከባድ ናቸው፣ ዳታቤዙን ያንቁታል፤ እነሱ ዲስክ ላይ ይቀመጡ፣ ዳታቤዙ የት እንዳሉ ብቻ ይወቅ» ብለህ ረታኸው። እውነትም ከዚያ ወዲህ ምስል ለመክፈት የጠበቀ ሰው የለም። ግን ፎልደሩን ምን ብለህ ሰየምከው? «ለጊዜው»! አስተካክለዋለሁ እንዳልክ የውጭ ዕድሉ መጣልህና ሄድክ።

ክረምት ላይ ዲስኩ ሞላ። አዲሱ የኮምፒውተር ባለሙያ ቦታ ሲፈልግ «ለጊዜው» የሚል ነገር አገኘና ጠርጎ አጠፋው። ምን ይፈረድበታል? በየሳምንቱ የሚወሰደው መጠባበቂያ ቅጂም የዳታቤዙ ብቻ ኖሯል፤ ምስል የሚባል የለበትም። ይሄም ባልከፋ፤ ባዶ ቢወጣ ሐኪሙ እንደገና ያስነሳ ነበር። ግን ፎልደሩ ሲጠረግ ማሽኑ የምስሎቹን ቁጥር እንደገና ከአንድ ጀመረ። አሁን የሚነሳው ሰው ምስል የድሮውን ሰው ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። ዳታቤዙ ምን ያውቃል? ስምና ቀን ይዞ ቁጥሩን ይጠራል፤ እዚያ የተገኘው ማንም ይሁን ማን ይወጣለታል።

እማዬን ሳሉ አልለቅ ሲላት ክረምቱ ሳይገባ ያነሳኋት እኔ ነኝ። ያየሁትን አልወደድኩትም። ቀጠሮዋ የደረሰው ባለፈው ሳምንት ነው፤ አብሬያት ገባሁ። ሐኪሙ ምስሏን ከፈተና «እናቴ፣ ሳንባዎ ጥርት ያለ ነው፤ በሰላም ይሂዱ» አላት። እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ስክሪኑን አየሁ። ስሟ አለ፣ ቀኑ አለ፤ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ግን ቀጥ ያለ ነው። እማዬ እኮ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ከመሰላል የወደቀች ጊዜ አጥንቷ ተጣሞ ነው የገጠመው! ለሐኪሙ ነገርኩት፤ እሱም ደንግጦ አሁኑኑ እንደገና ትነሳ አለ።

እሷ ግን ወይ ፍንክች! ሳቀችብኝ። «ልጄ የሠራው ነገር አይዋሽም። አንቺ ድሮም ትቀኚበት ነበር» አለችኝ። ለመንኳት፣ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ባህር ማዶ ሆኖ ነጻ አወጣኝ» እያለች ታወራለች። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቆምና መንገዱን በመስኮት የምታይ ትመስላለች። መሀረቧን ራሷ ታጥባለች፤ አታስነካኝም።

ኃላፊውን «ሲስተሙን ዝጋው» ብዬ ብነግረው «ስም አለ፣ ቀን አለ፤ እስክናጣራ ሰው አታስደንግጪ» አለኝ። እስካሁን ክፍት ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከሌላኛው ሐኪም ዘንድ «ተመስገን፣ ነጻ ነኝ!» እያሉ ወጡ። የማንን ደረት አይተውላቸው ይሆን? እስከ ውጪው በር ሮጬ ተከተልኳቸው፤ ታክሲ ይዘው ሄደዋል።

ወንድሜ፣ ልወቅስህ አይደለም፤ ሰው ነህ። ይህ እንደደረሰህ ደውልላትና በገዛ አንደበትህ «እማዬ፣ የሠራሁት ነገር ዋሽቶሻል፤ ሄደሽ ተነሺ» በላት። ታፍራለህ፣ አውቃለሁ። እኔም ብሆን አፍር ነበር። ከሌላ ሰው ግን አትሰማም፤ ሐኪሙን እንኳ አልሰማችም። ዛሬውኑ ደውል።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፤ ያሰብከው ይሙላልህ።

እትዬህ

እማዬ መጥታ ከጎኔ ተቀምጣለች። ለማን እንደምጽፍ ስነግራት ይህን ጨምሪበት አለችኝ፤ እንዳለችው አስቀመጥኩት፦ «የኔ ሊቅ፣ ሥራህ ዕድሜ ጨመረልኝ። ልምጣ ብለህ አትጣደፍ፤ ከርመህም ብትመጣ ታገኘኛለህ።»