ለባርኔጣሽ የተያዘ ወንበር

ስኪፕተን፣ እንግሊዝ፣ መጋቢት መጨረሻ

ውድ ሎሬይን፣

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሚደርስሽ ካርቶን ውስጥ ባርኔጣሽ አለ። እንዳይጨማደድ ውስጡን በጋዜጣ ሞልቼዋለሁ። ሐምራዊው ሪባን ትንሽ ደብዝዟል፤ ያደበዘዘው የስሪላንካ ፀሐይ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ እኔን መጠርጠርሽ ስለማይቀር ነው።

ባለፈው ሳምንት ደውለሽ «ጉዞው እንዴት ነበር?» ስትይኝ «ጥሩ ነበር» ብዬ ቶሎ ዘጋሁ። ጥሩ አልነበረም። በቅናት ስንገበገብ ነው የከረምኩት። ባንቺ ብቻ ቀንቼ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከዚያም አልፌ በባርኔጣሽ ቀናሁ። አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት በገለባ ባርኔጣ ትቃጠላለች ብለው ቢነግሩኝ በሳቅ እሞት ነበር። አሁን አልስቅም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ነው የጀመረው። በርናርድን ታውቂው የለ፣ አሁንም ሥጋ ቤቱ ውስጥ ያለ ይመስል እየጮኸ ነው የሚያወራው። ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ዙሪያውን ገላመጠና «ሎሬይንስ?» አለኝ። የዳሌ ቀዶ ጥገና እንዳደረግሽ፣ ሐኪሙ በረራ እንደከለከለሽ፣ ዘንድሮ የክሪኬት ደጋፊዎቹን ጉዞ የምመራው እኔ እንደሆንኩ ጠንቅቆ ያውቃል። ሆስፒታል ድረስ አበባ ይዞልሽ የመጣው እሱ አይደል? ግን «ሎሬይንስ?» አለኝ።

«ዘንድሮ እኔ ነኝ፣ በርናርድ» አልኩት።

«እሱማ አውቃለሁ» አለና ተነፈሰ። አተነፋፈሱን ብትሰሚው ሰው የሞተ ይመስልሻል።

እኔስ ምን ለብሼ ነበር? ሁላችንም የምንለብሰውን ሸሚዝ፣ ጀርባው ላይ «የሎሬይን ጉዞ» የሚለውን። ሰው ስሰበስብ፣ ፓስፖርት ሳስወጣ፣ ለሹፌሩ መንገድ ሳሳይ፣ ያንቺን ስም በጀርባዬ ተሸክሜ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው እውነት መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከኮሎምቦ ወደ ጋል በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ቅዳሴ ይመስል እየተቀባበሉ ወረዱብኝ። ሎሬይን ብትሆን ኖሮ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ትይዝልኝ ነበር። ሎሬይን ብትሆን ኖሮ የሚወጣ ደረጃ የሌለበት ሆቴል ታገኝ ነበር። አሮጊቷ ዶሪን ከሹራብ ሥራዋ ቀና ብላ «ሎሬይን ብትሆን ኖሮ የዝንጅብል ኬክ ይዛ ትመጣ ነበር» አለች።

«እማማ ዶሪን፣ አሁን የበሉት እኮ የዝንጅብል ኬክ ነው። እኔ ነኝ የጋገርኩት።»

«ነው እንዴ?» አለችኝ እጇ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ እያየች። «አይመስልም።»

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ክላይቭን ነው።

ስለ ክላይቭ ለአንቺ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አሥራ አንድ ክረምት ሙሉ በየስታዲየሙ አጠገቡ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ፒያኖ ሲቃኝ ከኖረበት ዘመን የቀረለት ጆሮ፣ ሰው ሲያወራ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥበት መንገድ፣ ከፔርሙዙ ሻይ ሲቀዳ አንዱን ኩባያ ለራሱ ሌላውን አጠገቡ ላለው ሰው ማለቱ። እኔ ከኋላችሁ ሆኜ ውሃና የፀሐይ ቅባት ሳድል ያ ሁለተኛ ኩባያ ወደ አንቺ ሲሄድ ለአሥራ አንድ ክረምት አይቻለሁ። አንቺ ታዲያ ብዙ ጊዜ ሳትጠጪው ይቀዘቅዝ ነበር። እወደዋለሁ ሎሬይን። ይኸው ጻፍኩት። ለእሱም ለሌላ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ዘንድሮ ትኬቶቹን ያደልኩት እኔ ስለሆንኩ የክላይቭን አጎራባች ወንበር ለራሴ ያዝኩ። መሪነት ይህችን ታህል ጥቅም ከሌለው ምን ያደርጋል? በአምስት ቀኑ ጨዋታ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ፀጉሬን ተሠርቼ ወደ ወንበሬ ስጠጋ፣ በርናርድ ከሻንጣው ባርኔጣሽን አወጣ።

«ሎሬይን አደራ ብላ የሰጠችኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ባልመጣም ባርኔጣዬ ከክላይቭ አጠገብ፣ ከቦታዬ ይቀመጥ ብላለች።»

ከዚያም ወንበሬ ላይ አስቀመጠው። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ሌላ ምን ላደርግ?

ያን ቀን ደግሞ፣ እንደ እኔ ዕድል፣ ኳስ መቺዎቻችንን ቀኑን ሙሉ ማንም ከሜዳ ሊያስወጣቸው አልቻለም። ነገሩ በዚያው ሕግ ሆነ። የእኛን ሰዎች ነገር መቼም ለአንቺ አልነግርሽም፤ ጨዋታው ሲቃና ማንም ከተቀመጠበት አይነሳም፣ ካልሲ አይቀየርም፣ እግሩን ያነባበረ እንዳነባበረ ይውላል። ቡድናችንን የሚያቆመው መቺው ሳይሆን የእነሱ መቀመጫ ነው። እና ባርኔጣው ከዚያች ወንበር እንዳይነሳ ተፈረደ። እኔ፣ የጉዞው መሪ፣ ኋለኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ የክላይቭ ማጅራትና የባርኔጣሽ ሪባን ነበር።

በየምሳ ሰዓቱ ስልኩን የሚደውልልሽ በርናርድ ነው፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ መሐል ላይ ይይዘዋል።

«ባርኔጣዬ ደህና ነው?» ትያለሽ።

«እንደ ንግሥት ተቀምጧል!»

«ክላይቭዬ፣ አደራህን!»

ክላይቭ እየሳቀ «አታስቢ» ይልሻል። በሁለተኛው ቀን «ክላይቭዬ» ስትይ እጄ ላይ የነበረውን ሙዝ ጨፍልቄው ኖሯል። «ግሌንዳስ እንዴት ናት?» ብለሽም ጠይቀሽ ነበር። በርናርድ ወደ ኋላ እንኳ ሳይዞር «አለች፣ ውሃ እያደለች» አለሽ።

በሦስተኛው ቀን ያደረግኩትን እንግዲህ ስሚ። ባርኔጣሽ ሌሊቱን አውቶቡሱ ውስጥ ነበር ያደረው፣ ፊተኛው ወንበር ላይ። ስታዲየሙ በር ላይ ሁሉም ሲወርድ አየሁት። እሱም ያየኝ መሰለኝ። ወረድኩና በሩን ዘጋሁ። ሹፌሩ ጃያንታ አውቶቡሱን ወደ ሆቴሉ ይዞ ሄደ።

ከክላይቭ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። እኔ ግን ደረጃውን ወርጄ ሳልደርስበት አንዱ መቺያችን ተሰናበተ። እሱን የተካውም ብዙ አልቆየ፣ ተከተለው። ሦስተኛው ሲወጣ በርናርድ ከመቀመጫው ሳይነሳ አንገቱን ብቻ እያዞረ «ባርኔጣው የት አለ?» ብሎ ጮኸ። ሁሉም እኔን አዩኝ። ዶሪን መርፌዎቿን አቆመች።

«አውቶቡሱ ውስጥ... ረስቼው ይሆናል» አልኩ።

«ሎሬይን ብትሆን ኖሮ...»

«እሺ፣ ሄጄ አመጣዋለሁ!»

በባጃጅ ሆቴል ድረስ ከነፍኩ። ጃያንታ ባርኔጣሽን በሁለት እጁ እንደ ግምጃ ቤት ዕቃ ይዞ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ማዳም፣ ላመጣልዎት ልነሳ ስል ደረሱ!» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ስንመለስ የባጃጁ ልጅ በመስታወቱ እያየኝ «እንዲህ የሚያስሮጥዎት የማን ባርኔጣ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የጣውንቴ ነው ልለው ምንም አልቀረኝም።

ይዤው ስገባ ለእኔ ሳይሆን ለባርኔጣው ተጨበጨበለት። ወንበሩ ላይ አኖርኩት፤ እስከ ሻይ እረፍት ድረስ አንድም መቺ አልወጣብንም። «አየሽ?» አለኝ በርናርድ። ላቤ በግንባሬ ይወርዳል፣ ፊቴ በርበሬ መስሏል። ክላይቭ ቀና ብሎ አየኝና «አንቺስ ውሃ ጠጥተሻል?» አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ሳድል እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

በማን ላይ ቆመሽ እግዜርን ታሚያለሽ እንደምትይኝ አውቃለሁ። ከሆስፒታል አልጋሽ ላይ ሆነሽ እጄን ይዘሽ «ካንቺ ሌላ ማን አለኝ» ብለሽ ጉዞውን ስትሰጪኝ በደስታ አልቅሻለሁ። መሪነቱን ሰጠሽኝ፤ ቦታሽን ግን አልለቀቅሽልኝም። መምጣት ባትችዪ እንኳ ባርኔጣ ላክሽ። ይህ ነው ያንገበገበኝ።

አሁን ወደ መጨረሻው ቀን ልምጣ።

ማሸነፉ ቀርቶብን ነበር። የቀረን መቺዎቻችን እስከ ምሽት ሳይወጡ ከቆዩ አቻ መለያየት ብቻ ነው። ፀሐይዋ ወደ ጋል አሮጌ ምሽግ ግንብ ስትወርድ የመጨረሻዎቹ ሁለት መቺዎቻችን ሜዳ ላይ ቀሩ፤ ከሁለቱ አንዱ ከወጣ አለቀ። የባሕሩ ነፋስ ይነፍሳል፣ የአገሬው ሰው ከበሮውን ይደልቃል፣ የእኛ ሰዎች ግን ከወንበራቸው ንቅንቅ አይሉም። ዶሪን ከምሳ ጀምሮ ሽንት ቤት አልሄደችም። በርናርድ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እኔ እንደ ልማዴ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆሜያለሁ።

ክላይቭ ተነሳ።

«ተቀመጥ!» አለው ረድፉ በሙሉ በአንድ ድምፅ።

አልተቀመጠም። ወደ ኋላ ዞሮ በዓይኑ ፈለገኝ። ከዚያ ባርኔጣሽን ከወንበሩ አንስቶ በርናርድ ራስ ላይ ደፋው።

«ግሌንዳ፣ ነይ ተቀመጪ» አለኝ።

«ክላይቭ! አብደሃል?» በርናርድ ባርኔጣውን ማውለቁንም ፈራ፣ ማድረጉንም ፈራ። «ሰዓት አጣህ? አሁን ነው እንዴ የሚነሳው?»

«አምስት ቀን ሙሉ ባርኔጣ ሳጫውት ነው የከረምኩት» አለ ክላይቭ። «መልስ አይሰጥም።»

«ግዴለም ክላይቭ» አልኩት፣ «ጨዋታው ይለቅና እመጣለሁ።»

«ካለቀ በኋላማ ማንም ይቀመጥበታል» አለኝ።

ሎሬይን፣ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ። ቡድናችን ካሸነፈ ያሸነፈበትን ካልሲ ሳያጥብ የሚያደርግ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ትኋን ያለበት ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ የዋለው መቺዎቻችን እንዳይወጡ ብሎ ነው። እና ያ ሰው በዚያች ሰዓት ባርኔጣውን አነሳው። ምን እንዳለኝ ከኛ ሰዎች በቀር ማን ይረዳዋል? እኔ ገባኝ።

በሰው ጉልበት ላይ እየተደናቀፍኩ፣ እየተረገምኩ፣ ደርሼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ በፀሐይ ግሏል። ክላይቭ ፔርሙዙን ከፍቶ ሁለተኛውን ኩባያ አወጣ፣ ሻይ ቀዳና ሰጠኝ። ወደ አፌ ሳላደርሰው ኳሷ መጣች። መቺያችን ሳታት። ከኋላው የተተከሉት ሦስቱ እንጨቶች ተበታተኑ፤ ወጣ፣ ተሸነፍን።

ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ። የእኛ ረድፍ ለቅሶ ቤት ሆነ። በመጨረሻ ዶሪን ሹራቧን ጠቀለለችና «በሉ፣ አሁን ሽንት ቤት ልሂድ» አለች። በርናርድ ያንን ሐምራዊ ሪባን እንዳደረገ ወደኛ ዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ሎሬይን ብትሆን ኖሮ...» አለ።

«ልክ ነህ» አለው ክላይቭ። «ሎሬይን ብትሆን ኖሮ አቻ እንወጣ ነበር።»

ሻዩንም ጠጣ። እኔም ጠጣሁ፣ ትኩሱን።

እራት ላይ ማንም አላናገረንም። ሁለታችንን ለብቻችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተዉን፤ ቅጣት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ቅጣት በየቀኑ ቢመጣብኝ ጥርሴን አልከድነውም። በመመለሻው አውሮፕላን ዶሪን ከኬኩ የተረፈ እንዳለ ጠየቀችኝና በልታ ስታበቃ «ክፉ አይደለም» አለች። ከእሷ አፍ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ክላይቭ ለአንቺ ምንሽ እንደነበረ አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትንገሪኝ። አሁንም እቀናብሻለሁ። ስለነዚያ አሥራ አንድ ክረምቶች፣ ሳትጠጪው ስለቀዘቀዘው ሻይ ሁሉ እቀናለሁ። ይህ ቶሎ የሚለቀኝ አይመስለኝም።

የሚመጣው ክረምት ባርባዶስ ነን። ዳሌሽ ድኖ ብትመጪ ከልቤ ደስ ይለኛል፤ በርናርድማ ያለቅሳል። ስምሽ የተጻፈበትን ሸሚዝም ሳላጉረመርም እለብሳለሁ። ባርኔጣሽንም ይዘሽ ነይ፣ ግን ራስሽ ላይ አድርጊው።

ከክላይቭ አጠገብ ያለው ወንበር ሰው አለበት።

ያንቺው
ግሌንዳ