የአዝሙዱ ብልቃጥ

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ
ዛሬም መንጋጋ ጥርሴን አመመኝ። ት/ቤት አፌን በሻርፕ ሸፍኜ ዋልኩ። ጎረቤታችን፣ ከሺንሺቾ የመጣችው እቴቴ አበበች አይታኝ ሳቀች። ትል ነው አለች። የአጤ ፋሪስ ፍሬ ፍም ላይ በትኜ ጭሱን በአፌ እንድቀበል መከረችኝ። ከአጥር ሥር ከበቀለው አረም ለቀምኩ። አባዬ እንዳያውቅ ብቻ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጥንቆላ ይለዋል።

ጥቅምት 12
ጭሱ አስሎኝ ቀረ። የተረፈውን ፍሬ ባዶው የጥቁር አዝሙድ ብልቃጥ ውስጥ ደበቅሁ። ያም ጥቁር፣ ይሄም ጥቁር። በብልሃቴ ተደሰትኩ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡00
አባዬ አበደ እያሉ ነው። ጠዋት ደህና ነበር። ሳል ስለያዘው እማዬ ጥቁር አዝሙድ ወቅጣ በማር ለውሳ አቀመሰችው። ቆይቶ አፌ ደረቀ አለ። ፊቱ ፍም መሰለ። አሁን በባዶ እጁ የሌለ ሚስማር ይመታል፤ አናጺ አይደል። የሞተችውን እናቱን በሃዲይኛ ያናግራል። እኔን አየኝና፣ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ቡናማው ጠፍቷል።

ብሌኑን ሳይ የባዮሎጂ መ/ራችን ያሉት ትዝ አለኝ። ደብተሬን ገለጥኩ። አጤ ፋሪስ ውስጥ አትሮፒን አለ። የዓይን ሐኪም ብሌን ለማስፋት በጠብታ ይጠቀምበታል። ሲበዛ መርዝ ነው፦ አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ያቃዣል። ሁሉም አባዬ ላይ አለ።
ብልቃጡን አየሁ። ባዶ።

9፡40
የጸሎት ሰዎች ሳሎኑን ሞልተውታል። ጋኔኑን ውጣ ይሉታል። ሆስፒታል በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው፤ ማንም አላነሳውም። ብናገር ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። ይህን መናገር ቀርቶ፣ ሰው ፊት ሰላም ማለት እንኳ ያቅተኛል። ምናልባት በራሱ ይለቀው ይሆናል። ምናልባት ተሳስቻለሁ። አልተሳሳትኩም።

10፡05
ጓዳ ነኝ። እማዬ በበሩ ብቅ ብላ፣ «ያን ማር አምጪው፣ ሳሉ ተነሳበት» አለችኝ። እሺ አልኳት።
ማሩ ጉልበቴ ላይ ነው። ጥቁር ጥቁሩ ይታያል። ግማሹ አልተነካም።
ለእሷ አልሰጣትም። አልደፋውምም፤ ሐኪሙ ማየት አለበት። ይዤው ሳሎን እገባለሁ፣ ሰው ሁሉ ፊት። መጀመሪያ የምለው፦ እኔ ነኝ። ቀጥሎ፦ ባጃጅ ጥሩልን።
እየጠራችኝ ነው