በማዳም ወጪ የተመታልኝ ቪዛ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ። ከሰዓት 9፡00

ኡሚ ተኝታለች። ልብስ አጥፌ ጨርሻለሁ። ማዳም ገብታ ነጩ ግድግዳ ጋ ቁሚ አለችኝ። ሻሽሽን ከጆሮሽ ገፋ አድርጊው። በስልኳ ሦስቴ አነሳችኝ። ለምን ስላት ለቪዛ። የምን ቪዛ? የመርከብ።

እንግዲህ ስማ ማስታወሻዬ። ከዛሬ ጀምሮ ማዳምን “ማ.” እያልኩ ነው የምጽፍልህ። ቀለም ለመቆጠብ እንዳይመስልህ። ሰው እጅ ብትገባ ብዬ ነው።

ኡሚ የማ. እናት ናት። እግሯ አይታዘዝላትም። አራት ዓመት ሙሉ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ያመላለስኳት እኔ ነኝ። ሳትሞት መርከብ ላይ ተቀምጣ ባሕር ማየት አማራት። ማ. ደግሞ ለእናቷ አትሰስትም፤ ረጅሙን ጉዞ ቆረጠች። ከደማም ወደብ ተነስቶ ዱባይ፣ ሙስካት፣ ሕንድ፣ ግብፅ፣ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ከዚያ መልስ። ከሦስት ወር በላይ። እኔም አብሬ። የየአገሩ ቪዛ በማ. ወጪ።

በማ. ወጪ! ለተቃጠለ ካውያ ከደሞዜ የቆረጠች ሴት!

ማ.ንና ኡሚን ግማሹ አገር በር ላይ ቪዛ መትቶ ያስገባቸዋል። የእኔን ፓስፖርት ሁሉም “ቆይ እስቲ” ነው የሚለው። ታዲያ ይህን ሁሉ ከፍሎ እኔን መጎተት ለምን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ሃይማኖት ደወለች። ደማም፣ አል ሙሐመዲያ የምትሠራው ጓደኛዬ። ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ማ. ዱባይ ውስጥ ዘመድ አላት ወይ ብላ ነው። እህት አላት። መንታ የወለደች። ሠራተኛዋ ጥላት የሄደች።



በሽርሽር ቪዛ ወስዳ ለእህቷ ልትሰጠኝ ነው። በቃ ገባኝ። ቱሪስት ተብዬ ገብቼ የመንታ ዳይፐር ስቀይር ልቀር። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ እዚህ፤ እኔ እዚያ። የቤዛ የትምህርት ቤት ክፍያስ? ልጄ ደሴ እናቴ ጋ ናት፤ ጥርሷን ስትቀይር እንኳ አላየሁም። ለማን አቤት እላለሁ?

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ኮበር፣ የጉዞ ወኪሉ ቢሮ። ማ. ስልክ ስታወራ ጸሐፊውን አየሁት፤ ሐበሻ። ተስፋዬ ይባላል፣ የሆሳዕና ልጅ። ጌታ ይባርክሽ እያለ ነው የሚያወራው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ የዱባዩን ጠየቅኩት። የዱባይ ቪዛሽ ሁለት መግቢያ ያለው ነው አለኝ። መርከቡ ሲሄድም ሲመለስም እዚያ ይቆማል፤ አንድ መግቢያ ያለው ቢሆን ኖሮ በመልሱ ትታገጂ ነበር። ማ. ራሷ ናት አደራ ሁለት መግቢያ ይሁን ያለችው፤ ልዩነቱንም ከፍላለች።

ልታስቀረኝ ብትፈልግ ለሁለተኛው ለምን ትከፍላለች? የዱባዩን ጥርጣሬ ሰረዝኩ። በእርሳስ።

ከዚያ ለጣሊያን ቪዛ አሻራ። መስኮት ላይ ያለችው ሴት፣ ልጅ አለሽ ወይ፣ ባል አለሽ ወይ። መጨረሻ ላይ ከጉዞው የምትመለሺው ወደ ማን ነው አለችኝ። ወደ ኡሚ አልኩ። አፌ ነው ያለው። ደሴ ያለችውን ልጄን ትቼ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

የጣሊያኑ መጣ። ማ. ስሜ ልክ መሆኑን እንዳይ ፓስፖርቱን ሰጠችኝ። አራት ዓመት ይዤው አላውቅም። ገጹ አዲስ ብር ይሸታል። ፎቶዬ ላይ ደንግጫለሁ፤ ነጩ ግድግዳ ጋ የተነሳሁት ነው።

ለሃይማኖት ነገርኳት። እልል ልትል ምንም አልቀራት። የአክስቷ ልጅ ሚላኖ ናት፤ የምትሠራው አሮጊት መጦር ነው፤ የእኔው ሥራ። ግን ወረቀቷ በስሟ፣ ፓስፖርቷን የሚይዝ ካፊል የለ፣ ልጇንም ወስዳለች። “እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፣” አለችኝ፤ “መርከቡ ሲቆም ውረጂ።”

ተቆጣኋት። የሰው እንጀራ በልቼ? ሽባ አሮጊት ወደብ ላይ ጥዬ? ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ከደቂቃ በኋላ መልሼ ደወልኩ። ከወደቡ ሚላኖ ምን ያህል ይርቃል ብዬ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ። ጠዋት

አዲስ ነገር። ተስፋዬ ወረቀት ሊያስፈርም አል ራዋቢ፣ ቤታችን ድረስ መጣ። በር ላይ ቀስ ብሎ የነገረኝ፦ የሌላው አገር ሁሉ አልቋል፣ ተከፍሏል። የቀረው የዚሁ የሳዑዲው መውጫ ነው፤ እሱን ካፊልሽ በስልኳ ናት የምታወጣው። መመለሻ ያለው ይሁን ኹሩጅ ይሁን ጠይቂ። ኹሩጅ ከሆነ ወጣሽ ማለት ነው፤ መመለስ የለም።

ያውልህ! ወጥመዱ እዚህ ኖሯል። እየሳቅኩ መርከብ ልወጣ፣ መመለሻዬ ሊቆለፍ። የአራት ዓመት የአገልግሎት ክፍያዬም አብሮ ሊበላ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

አላስቻለኝም። ኩሽና ያዝኳት። ማ. መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ቀላ። ስልኳን አውጥታ አፍንጫዬ ስር ያዘችው። መመለሻ ያለው ነው። ስድስት ወር፤ መርከቡ ቢዘገይ እንኳ ተርፎ። ካወጣችው ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሌባ እመስልሻለሁ ወይ አለችኝ። አይ ማዳም። በሩን ወርውራው ወጣች።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ለምን እንደሆነ ለአንተ ብቻ ልንገርህ። ክፉ ብትሆንልኝ ኖሮ ጣሊያን ላይ መውረድ ይቀለኝ ነበር።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ኡሚን እያጠብኩ። ውሃው ለብ ያለ፣ እንደምትወደው። ከእኔ በፊት ስለነበረችው ሠራተኛ ታወራልኛለች። እርጎ ልግዛ ብላ ወጥታ ቀረች፤ ሁሩብ፣ ከአሠሪ የጠፋች፣ ተባለች። ከመጥፋቷ በፊት ፊቷ እንዲህ ነበር አለችና ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። የጣሊያኑ ወረቀት ከመጣ ወዲህ እሱን ፊት ነው ይዘሽ የምትዞሪው።

ቀጥላ እንዲህ አለች፦ “በአንገትሽ ባለው ክር ማይልኝ። ጣሊያን ላይ ጥለሽኝ አትወርጂም።”

ማተቤን! አራት ዓመት ከቀሚሴ ስር የደበቅኩትን። ስንቴ ሳነሳት አይታው ይሆን? ለማ. ትንፍሽ አላለችም።

 እዚህ ቤት በሐሰት ስንቱን ምያለሁ፤ በልቻለሁ፣ አላመመኝም፣ ደህና ነኝ። በማተቤ ግን አልቻልኩም። ጀርባዋን አለቀለቅኩ። እየጠበቀች ነው። አደረቅኳት። አሁንም እየጠበቀች ነው። “ኸላስ፣ በቃ፣” አለች በመጨረሻ። ፎጣውን ስባ ፊቷን ሸፈነች።

አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ማን ሊጥለኝ ነው እያልኩ ወር ሙሉ ስቆፍር የከረምኩት ጣይዋ እኔው ሆኜ ነው። አፈርኩ። ግን አፍሬም አልማልኩም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

እናትና ልጅ በር ዘግተው ሲያወሩ ስሜን ሰማሁ። አለቀልኝ አልኩ። ቪዛው ይሰረዛል፣ እኔም በኹሩጅ። ሻንጣዬን በዓይኔ ለካሁት።

ማ. ወጥታ ልበሺ፣ ገበያ እንሄዳለን አለች። ኤርፖርት ልትወስደኝ ነው አልኩ። ገበያ ነበር። ኮት ገዛችልኝ። ወፍራም፣ የሱፍ፣ እስከ ጉልበት። በዚህ ሙቀት! ማ. ራሷ እያጉረመረመች ነው የከፈለችው። ኡሚ ናት ያዘዘችው። ጣሊያን ብርድ ነው፣ ለልጅቷ ደህና ኮት ግዢላት ብላ።

ክፍሌ ገብቼ ፈተሽኩት። ኪሱን፣ ገበሩን፣ የአንገቱን ስፌት ሳይቀር። አንድ ነገር ይኖራል ብዬ። ምንም የለም። ኮት ነው።

ኡሚን ላመሰግናት ሄድኩ። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም። እጅጌው አያጥርም ወይ አለች። አያጥርም ኡሚ። ኩሽና ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 14፣ እሑድ። ጠዋት 4፡00

ወስኛለሁ። ቃሉን ግን አልጽፍልህም።

ዛሬ ማ.ን ጠርቼ ኡሚን እንዴት እንደሚያነሷት አሳየኋት። ክንድሽን በብብቷ ስር። ጉልበትሽን እጠፊ፣ ወገብሽን ተይው። ትንፋሽ ስትስብ ጠብቂ፤ ያን ጊዜ አንሺ። ማ. አንቺ እያለሽ ምን አስቸኮለኝ አለች። መርከብ ይናወጣል፣ ሁለት ሰው ይሻላል አልኳት። ዓይኗን አጥብባ አየችኝ።

የመጀመሪያው አልሆነም። ኡሚን አመማት፤ ቃተተች። ልጠጋ ስል በመዳፏ ከለከለችኝ።

“ተያት፣” አለች። “ልጄ ትልመደው።”

ሁለተኛው ላይ ወንበሩ ላይ ደረሰች። ነገ መድኃኒቱን አሳያታለሁ።