ቀና ማለት ያቃተኝ የሞጣ ፈተና

ይድረስ ለአባባ፣

ከተለዩን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እርስዎ ግን ውሸት አይወዱም። ተናድጃለሁ። ትናንት ከሞጣ የተመለስኩት የጥቁር ቀበቶ ፈተናውን ለሦስተኛ ጊዜ ወድቄ ነው።

መቼም የቴኳንዶ ነገር አይገባዎትም ነበር። ቢጫ ቀበቶዬን ይዤ የመጣሁ ቀን፣ ከቅዳሴ ተመልሰው ጋቢዎን እንኳ ሳያወልቁ አገላብጠው አዩትና «እኔ ለመቀደስ አንድ ዝናር ይበቃኛል፤ አንቺ ስንት ልትታጠቂ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። እስከ ቀዩ ድረስ ሁሉንም ታጥቄ ጨረስኩ። የቀረኝ ጥቁሩ ብቻ ነው፤ እሱ ነው አልገኝ ያለኝ።

የቤቱን ልንገርዎት። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። አልጋዎን ወደ ጓዳ አስገብተነዋል። ወንድሜ ደጀን ከተማ ሄዶ ጋራዥ ገብቶ ጎማ ይጠግናል፤ ለበዓል ካልሆነ አይመጣም። አሰልጣኜም ቢቸናን ለቆ ሄደ። እሱ ከሄደ ወዲህ የክለባችንን አሥራ አንድ ሴቶች ልጆች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ነገር ግን የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ጥቁር ቀበቶ የሌለው ሰው ክለብ መምራት አይችልም አሉና እስከ ክረምት ብቻ ጊዜ ሰጡኝ። እስከዚያ ካላለፍኩ የምንለማመድበት አዳራሽ ለሌላ ይሰጣል፤ ልጆቹም ይበተናሉ።

ታዲያ ለምን ወደቅሽ ይሉኝ ይሆናል። እርግጫዬ ደክሞ እንዳይመስልዎት! ጣውላውን በአንድ ምት ነው የሰበርኩት። በግጥሚያውም የሞጣዋን ልጅ በደንብ አድርጌ መታኋት። የምወድቀው ፈታኞቹ ፊት ብቻዬን ቆሜ፣ ተጋጣሚ ፊት ለፊቴ እንዳለ አድርጌ እንቅስቃሴዬን ሳሳይ ነው። ዋናው ፈታኝ ጢማቸው የሸበተ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ቁርጥ እርስዎን። ሰላምታ ልሰጣቸው ጎንበስ እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከመሬት አልነሳ ይላል። «ልጄ፣ ምቱን ትችይዋለሽ። ግን የምትመቺው ማንን ነው? ምንጣፉን?» አሉኝ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። እግሯ ከወገብ በላይ የማይነሳ ልጅ ፈታኞቹ ላይ ዓይኗን አፍጥጣ አለፈች!

ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አድርጌ፣ እሱን እያየሁ ስንት ወር ተለማምጃለሁ። ግድግዳ መች ያሳፍራል።

ይህን ያስለመዱኝ እርስዎ ነዎት። እጅዎን ሳስታጥብዎት አቀርቅሬ፣ ምሳ ሳቀርብ አቀርቅሬ፣ ሲቆጡኝም አቀርቅሬ ነው ያደግኩት። ሰፈርተኛው «የቄሱ ልጅ ጨዋ ናት» ሲል ደስ ይልዎት ነበር። ይኸው ጨዋነቴ ሦስት ጊዜ ጣለኝ። ትናንት ከሞጣ ጉንደ ወይን፣ ከጉንደ ወይን ቢቸና ሚኒባሱ ውስጥ እርስዎን ስወቅስ መጣሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ የምወቅሰው ሌላ ሰው አጣሁ።

ደግሞ የሚያበግነኝ ቀበቶው ብቻ አይደለም። ሆስፒታል የተኙ ጊዜ፣ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ «እስቲ ቀና በይ፣ ልይሽ» ብለውኝ ነበር። እኔ እንባዬን እንዳያዩብኝ ብዬ እግርዎን እያሸሁ እንዳቀረቀርኩ ቀረሁ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ትንሽ ቆይቶ እማዬ መጥታ ተካችኝና ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላገኘሁዎትም። ምን ነበረበት አንዴ ብቻ ቀና ብል? አሁን እሱን እያሰብኩ ራሴን እበላለሁ።

ክረምቱ ሳይገባ አንድ ፈተና አለ፤ እሄዳለሁ። እኒያን ሽማግሌ ዓይን ዓይናቸውን አያቸዋለሁ፤ ነውር ነው የሚል ካለም ይበል። አሥራ አንዱ ልጆችም ልምምድ ሲጀምሩ መጀመሪያ እኔን ቀና ብለው እንዲያዩኝ አደርጋለሁ። አንዳንዷ ታፍርና ትስቃለች፤ እስክታየኝ ድረስ ግን አላሳልፋትም።

አልረሳዎትም፣ አባባ። እስክሞት አስታውስዎታለሁ። የጣትዎን ጠባሳ፣ የመስቀልዎን መያዣ፣ የተረከዝዎን ንቃቃት ሳይቀር አውቀዋለሁ። ፊትዎን ለማስታወስ ግን ፎቶግራፍዎን ማውጣት አለብኝ።