ንፋስ መቺ ለተባለው ባሌ

ይድረስ ለባሌ ለፀጋዬ፤

ስምህን የገደለው መሪጌታ ጥበቡ ነው። አንተን የወሰደህ ጉበትህ ነው፤ እሱን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ። ስምህን ግን ሰው ነው የገደለው፤ የገደለውም በእርሳስ ነው። ዕድሜ ልኬን በአፌ "እሳቸው" ስለው ኖሬያለሁ። እዚህ ላይ ግን "እሱ" ነው። ወረቀቱ የኔ ነው።

ከተለየኸኝ ስድስት ገና አለፈ። የቤታችን የጓሳ ሣር ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ዝናብ ሲመጣ እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ አንተ አትወደውም ነበር። ልጃችን ሞላሌ ከተማ ሱቅ ከፍታለች። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳ ሞተች፤ መንቶቹ ግን አድገዋል። ገብሱን ዘንድሮ ውርጭ መታው። እኔም ፊደል ቆጠርኩ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከአሮጊቶች ጋር ተሰልፌ ሀሁ አልኩ። "በስተርጅና ምን ሊያደርግልሽ ነው?" ብለው ሲስቁብኝ ፊደሌን ቀጠልኩ።

ታስታውሳለህ፣ በልደት ቀን ከሰዓት በኋላ የእኛ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ለገና ጨዋታ ሲገጥሙ መሪጌታ ደብተሩን ይዞ የት ይቆም እንደነበር? ከታች ሰፈር ግብ አጠገብ፣ ከጥዱ ሥር፣ የሱፍ ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ። ንፋሱን ፈርቶ ነው። ከዚያ ሆኖ የሚታየው ግቡ ብቻ ነው። የጨዋታው ኳስ ጥንጓ መስመሩን ስታልፍ ማን እንደመታት ይጽፋል። ከዚያ ሁሉ ዱላ መሀል ፈልቅቀህ፣ ንፋሱን በፊትህ ይዘህ፣ ሜዳው መሀል ያለውን ትልቁን ድንጋይ አሳልፈህ ያመጣሃት አንተ መሆንህን አያይም። የሰፈራችን ሰው ባህሩ ከግቡ ፊት ቆሞ ይጠብቅሃል፤ አንተ ታደርስለታለህ፣ እሱ ይገፋታል። ደብተሩ ላይ የሚገባው ባህሩ ብቻ ነው።

መጻፍ የሚያውቀው መሪጌታ ብቻ ስለነበረ የጻፈው ሁሉ እውነት ሆነ። አንድ ዓመት በበዓሉ ማግስት "ባህሩ ዘጠኝ፣ ፀጋዬ አንድ" ብሎ አነበበ። ቀጥሎም፣ "ይኼ ሰው ቀኑን ሙሉ ዱላ ሲያወናጭፍ ይውላል፤ የሚመታው ግን ንፋስ ነው" አለ። በቃ፣ ንፋስ መቺ ሆንክ። ልጃችን የንፋስ መቺው ልጅ ተብላ አደገች። የተላጠ ቅልጥምህን በቅቤ ሳሽልህ እኔ ስናደድ አንተ ትስቃለህ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ትለኝ ነበር። ጌታ አይቆጣ ይሆናል። እኔ ጌታ አይደለሁም።

በአርባህ ቀን መሪጌታ የጠመቅሁትን ጠላ ጠጥቶ ሲያበቃ ያለውን አልሰማህም። "ንፋስ መቺው ከንፋሱ ጋር ሄደ" አለ። ሰው ሳቀ። ሊወጣ ሲል እኔም እንደ ልማዴ ከመቀመጫዬ ተነስቼ አሳለፍኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ መነሳቴ ይቆጨኛል።

አሁን ደብቄህ የኖርኩትን ልንገርህ። ከተጋባን ጀምሮ በየልደቱ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሳይህ በነጠላዬ ሥር የሱፍ ክር እይዝ ነበር። ዱላህ ጥንጓን ባገኘ ቁጥር አንድ ቋጠሮ። ትልቁን ድንጋይ ካሳለፍካት ድርብ ቋጠሮ። ከምትህ ግብ ከተገኘ ቀይ ሱፍ ጣል አደርግበታለሁ። ስትስት ደግሞ ቋጠሮውን ሳላጠብቅ እንደ ቀለበት እተወዋለሁ። ባሌ ነው ብዬ የሳትከውን አልደበቅኩልህም። ለባህሩም የራሱ ክር ነበረው። እናትህ አንድ ጊዜ አይተውኝ "በበዓል ክር ትነኪያለሽ?" ብለው ነጠላዬን ጎተቱኝ፤ እግራቸውን ስሜ ዝም አሰኘኋቸው። ክሮቹ ሁሉ ሙዳይ ውስጥ አሉ። ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ የጻፍኩት ስምህን ነው። ከዚያ ክሮቹን አንድ በአንድ ወደ ወረቀት ገለበጥኩ።

ዘንድሮ ከልደት በፊት ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር መከሩ። ከእንግዲህ ጨዋታው የሚከፈተው ሜዳው ካየው ምርጥ መቺ ዱላ በሚመታ ምት ይሁን አሉ። ማን ነው ምርጡ? መሪጌታ ደብተሩን ገልጦ "ባህሩ" አለ። እኔም ወረቀቴን ይዤ ቆምኩ፤ በየልደቱ ከቋጠርኩት ክር የገለበጥኩት መሆኑንም ነገርኳቸው።

ተቀበለኝና ገና ስምህን ሲያይ ሳቀ። "አንቺ፣ ጸጋ የሚጻፈው በጸሎቱ ጸ ነው። ባልሽን ፀሐይ አደረግሽው!" አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ግን ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ "ፀሐይ ላይ የዋለው እሱ ነው፤ ጥድ ሥር የዋሉት እርስዎ ነዎት" አልኩት። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ፊቱ ጠቆረ። "በልደት ቀን ክር መቋጠር ኃጢአት ነው። ደግሞስ ክር ይነበባል እንዴ?" አለኝ። "በእጅዎ ያለው መቁጠሪያ ምንድን ነው? እግዚአብሔር ቋጠሮ ካነበበ እርስዎን ምን ያቅትዎታል?" አልኩት። መቁጠሪያውን ወደ ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ወረቀቴን መልሼ ወስጄ አነበብኩ። በግብ ከሆነ ባህሩ ይበልጥሃል፤ አልካድኩም። በምት ብዛት ግን አንተ እጥፉ ነህ። "ብዙ የሰነዘረ ብዙ ይመታል፤ ምን ይገርማል?" አለ መሪጌታ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ራሴን ስጠይቅ የኖርኩት ነው። ስለዚህ ከአሥር ስንዘራ ስንቱ ጥንጓን እንዳገኘ አስልቼ ነበር። ባህሩ ስድስት፣ አንተ ሰባት። በዚህ ብዙም አትራራቁም። ድንጋዩን ያለፈው ሲቆጠር ግን ባህሩ ከአሥሩ አንድ፣ አንተ ሦስት። ቀዩን ሱፍ ስቆጥር ደግሞ ባህሩ ካገባቸው አሥር ስምንቱ ካንተ ዱላ የመጡ ናቸው።

መሪጌታ "ይህ የሚስት ቆጠራ ነው" አለ። ያን ጊዜ ነው የጠበቅሁት። "እንግዲያስ የራስዎን ቆጠራ ያንብቡልን። ፀጋዬ እግሩ ተሰብሮ ቤት የቀረበትን ዓመት ይግለጡ" አልኩት። ገለጠ። መልሶ ሊከድነው ሞከረ። ሽማግሌዎቹ ደብተሩን ተቀብለው አዩት። በዚያ ዓመት በላይ ሰፈር በኩል አንድም ግብ የለም። ባህሩ ግን እንደ ሁልጊዜው ከግቡ ፊት ቆሞ ነበር።

ባህሩ ራሱ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ። "ልክ ናት። እኔ እሳት እንደሚሞቅ ሰው ቆሜ ነው የኖርኩት፤ እንጨቱን የሚያመጣው ፀጋዬ ነበር" አለ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ከዚያ ሁሉ ወንድ እሱ ብቻ ሰው ሆነ።

በእሳት አጉብጠህ የሠራሃትን የወይራ ዱላ ከቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ልደትን የከፈተችው እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ መሪጌታን በዚያው ደብተር ላይ ስምህን ከባህሩ በላይ አስጻፉት። አናቱ ላይ ቆሜ "በፀሐዩ ፀ ይጻፉልኝ" አልኩት። ጻፈ። ደስ አለኝ። ይህን ደስታዬን ለንስሐ አባቴ መናዘዝ ነበረብኝ፤ እስካሁን አልተናዘዝኩም፣ አልጠገብኩትማ።

አሁን መሪጌታ ሽማግሌ እየላከብኝ ነው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ በሏት" ይላል። ያንተን ቃል በሱ አፍ ስሰማ ምን እንደሚሰማኝ አስበው። "ተሳስቻለሁ" የምትለዋን ግን እስከ ዛሬ አላወጣትም። ልጃችን "እማዬ፣ አርጅተዋል፣ ተያቸው" ትለኛለች። አንተም ብትኖር ስቀህ ትተወው ነበር። አውቃለሁ። አንተ ስለምትተው ነው እኔ የቆጠርኩት።

ክሮችህን በየልደቱ ከሙዳዩ አወጣቸዋለሁ። ዓይኔ ሲደክም በጣቴ አነባቸዋለሁ፣ የሳትካቸውን ቀለበቶች ሳይቀር። አንዱም አይጠፋብኝም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ በደጀ ሰላሙ ሲያልፍ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ይነሳሉ። እኔም አብሬያቸው ስነሳ ኖሬያለሁ፤ በአርባህ ቀን እንኳ ተነስቻለሁ። ከእንግዲህ ለሱ አልነሳም።