ድንጋዩ ለሙዚየሙ ነው

ደብረ ታቦር፣ ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለቃልኪዳን ሀብተማርያም
አዲስ አበባ

የዓይኔ ማረፊያ ቃልዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ ደኅና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ከጥምቀት ጭፈራ ገና አልተመለሰም።

አራት ዓመት ዝም ያለ አባት ድንገት ሲጽፍ «ምን ሆነ?» ማለትሽ አይቀርም። የሆነው ይህ ነው፦ ሙዚየም ልጎበኝ ነው! ፍርድ ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት ለሰው ማመልከቻ የጻፍሁ ሰው የነገሥታቱን ዕቃ ሳላይ መሞት የለብኝም በሚል፣ ሦስት አባላት ያሉት የጉዞ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሰብሳቢ እኔ፣ ስንቅ ኃላፊ እናትሽ፣ ተራ አባል የጋፋቱ ወዳጄ ማሩ። ማሩ አንበሳ ሊያይ ነው በሚል ደስታ በሬዎቹን እያገሣ መንዳት ጀምሯል፤ ትናንት አንዱ ቀንበር ሰብሮ ጠፋ።

መርሐ ግብሩ ተነድፏል። እሑድ የካቲት 1፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አምስት ኪሎ ሙዚየሙ ገብተን ነገሥታቱን በየተራ እጅ እንነሣለን። ቀጥሎ ድንቅነሽ። እዚህ ላይ እናትሽ «ለቅሶ ያልደረስናትን ሴት እንዴት ዝም ብለን እንጎበኛለን?» ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ልትገባ ወስናለች።

«ሙሉ፣ ከሞተች እኮ ሦስት ሚሊዮን ዓመት አልፏል» ብላት፣

«እንግዲያ በጣም ዘግይተናል» አለችኝ።

ከዚያ በእግር ወደ ስድስት ኪሎ፣ አንበሳ ግቢ! ከዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ዳቦ ቆሏችንን እንበላለን። ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ አለው አሉ። ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ አንበሳ ትፈራ ይሆን? ለዕቅድ ያህል ነው የምጠይቅሽ።

አስጎብኚ ደግሞ አያስፈልገንም ወይ? ሚልኪያስ የሚባል ጎበዝ አስጎብኚ ሙዚየሙ ውስጥ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ባልሽ ነው አሉ። እርግጥ እንተዋወቃለን። ሊያገባሽ ሲመጣ እንደ ወጋችን «ሰባት ቤት ቁጠር» ስለው እስከ ድንቅነሽ ወረደልኝ። እኔም «ልጄን ለአጥንት ጠባቂ አልሰጥም» አልሁ፤ እናንተም ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፈረማችሁ። በመንፈቁ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ደጄ ላይ ሲንበረከክ «ምነው፣ ቤት ልትሠራ ነው?» አልሁት። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም። ያንን ቀልድ ከዚያ ወዲህ ለማንም ደግሜው አላውቅም፤ ጥሩ ቀልድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያወራ ሰው እንዳልሆንሁ ደግሞ ታውቂያለሽ።

አሁን ኮሚቴውን ያጨቃጨቀው የእኔ ድንጋይ ነው። ማሩ ከማሳው ዳር ሁለት ሦስት እንዲያመጣልኝ አዝዤው ነበር። «ለሙዚየሙ የሚበረከት የጋፋት ቅርስ» ብዬ ቃለ ጉባዔ ላይ አስፍሬዋለሁ።

«ሀብቴ፣ ይሄ ተራ ድንጋይ ነው» አለኝ ማሩ። «መድፍ የቀለጠበት አይደል፣ ምን አይደል። ሙዚየም ምን ያደርግለታል?»

«አንተ ቅለል ያለውን ብቻ ምረጥልኝ።»

«ቅለል ያለውን?» ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከባዱን አነሣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጓሮ ውስጥ በጫንቃዬ እየተሸከምሁ እለማመዳለሁ። እናትሽ በመስኮት እያየች «ዝቅ በል እንጂ! እንዲያ ተገትሮ የለም!» ትለኛለች። ስለ ሙዚየም አስተያየት አብዝታለች። ሰኞ ጾመ ነነዌ ስለሚገባም ነገሩ እሑድ እንዲያልቅ አጥብቃ ይዛኛለች፤ ጉብኝቱን ማለቴ ነው።

በይ እንግዲህ፣ ደብረ ታቦር ኢየሱስ አንቺንም፣ ሣራንም፣ የሣራንም አባት ይጠብቅልኝ። ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እስከዚያው ብቻ፣ ከዚያ በኋላ እኔው እስማለሁ።

እሑድ አራት ሰዓት ሙዚየሙ በር ላይ ድንጋይ የተሸከመ ሽማግሌ ካየሽ ሌላ ሰው አይደለም። ለሚልኪያስ ንገሪው፤ «ምነው፣ ቤት ልትሠራ ነው?» ብሎ ሰው ፊት ቢጠይቀኝ መብቱ ነው። መልሴንም ይዤ ነው የምመጣው፦ አዎ ልጄ፣ ያፈረስሁትን።

አመልካች፣
አባትሽ ሀብተማርያም